ዲግሪ ይዤ ዶማ ልጨብጥ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእትዬ መልስ

(በዚህ ዓምድ የሚመልሱልን በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ የጅማ ነዋሪ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሥራ አንድ ቦታ አመልክቼ ሁለቱ ለፈተና ጠሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። አሁን ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ውስጥ እርከንና የጎርፍ ቦይ የሚያግድ ክትር ለሚሠራ የወጣቶች ቡድን ምዝገባ ተጀምሯል። ማደሪያው እዚያው ገጠር ነው። ጓደኛዬ ተመዝግባለች። እኔም ልመዘገብ ስል እናቴ «አራት ዓመት ያስተማርኩሽ ዶማ እንድትጨብጪ ነው? ሰው ምን ይለናል?» ብላ አለቀሰች። ከእርሷ እንባ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ አለ፤ በሕይወቴ ከጓሮ ጎመን በስተቀር ቆፍሬ አላውቅም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድ ምን ይጠብቀኛል? ከሦስት ወር በኋላስ ምን ይተርፈኛል?

ሒሳብ አዋቂዋ፣ ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ ልጄ፣ ሂጂ። መልሱን ከፊት ያስቀመጥኩት ወሬዬ ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ ብትሰለቺ እንኳ እንዳያመልጥሽ ነው። ስምሽን ከማስመዝገብሽ በፊት ግን የምትጠይቂያቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱ መልስ ካላገኙ ቤትሽ ተቀመጪ።

በእናትሽ ልጀምር። እንባቸውን አልንቅም። ልጅን አስተምሮ ለወግ ማብቃት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት በቀን ሠራተኛ ስም ሲመለስ ማየት ያማል። «ሰው ምን ይለናል» ላሉት ግን መልስ አለኝ፤ ሰው አሁንም እያለ ነው። «ልጅቷ ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች» እያለ ነው። ወሬው ካልቀረ ገንዘብ ያለበት ወሬ ይሁን።

አንድ ነገር አጫውቻቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 አሜሪካ ውስጥ ሥራ አጥነት ሲበረታ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወጣቶችን በየካምፑ አስገብተው ደን ያስተክሏቸው፣ የተሸረሸረ መሬት ያስጠግኗቸው ጀመር። ሥራው እስከ 1942 ዘለቀ። ለአንድ ልጅ በወር 30 ዶላር ይታሰብለታል፤ ከዚያ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰቡ ይላካል፤ በእጁ የሚገባው አምስቱ ነው። ምግቡንና መኝታውን ካምፑ ይችላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ያን የሚያህል መንግሥት ወጣቱን ያመነው በአምስት ዶላር ብቻ ነው። አንቺን የሚያስገድድሽ የለም፤ ቢሆንም በየወሩ ለእናትሽ የምትልኪውን ቁርጥ ያለ ቁጥር ሳትሄጂ ንገሪያቸው። «እልክልሻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁጥር ሲሰሙ እንባው ይቀንሳል፤ እኔም እናት ስለሆንኩ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቁፋሮው። የመጀመሪያ ወቅቴን የሠራሁት በ1974 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደሴ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሌላ ሥራ ሳጣ የገባሁበት ነው። ክፍያው ምግብ ለሥራ የሚባለው ነበር፤ ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ዘይቱ የሚሰፈረው በጣሳ ነው። ሰፋሪው አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ አስገብቶ ይሰፍር ስለነበር ሁልጊዜ የአንድ ጣት ውፍረት ዘይት ይጎድልብን ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ የዚያ ሰው ጣት አሁንም ፊቴ ላይ አለ።

በሁለተኛው ቀን መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤ በአራተኛው ፈነዳ። አክስቴ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችልኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ የአራት ቀን ስንዴዬ ገና አልተሰጠኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እጄ ጠነከረ። ያንቺም ይጠነክራል። ዶማውን ከራስሽ በላይ እያነሳሽ አታውርጂ፤ እንደዚያ የሚቆፍር ሰው ረፋድ ላይ ያበቃለታል። ዶማው በራሱ ክብደት ይውረድ፤ አንቺ አቅጣጫ ብቻ ስጪው። አካፋ ስትሞዪ ጉልበትሽ ይታጠፍ እንጂ ወገብሽ አይታጠፍ። ከጎንሽ የገበሬ ልጅ ካለች ደግሞ አትፎካከሪያት፤ እያት። አተነፋፈሷን ሳይቀር እያት።

ቁጥር ስለምትወጂ ይህንንም ያዢ። በግብርና ሚኒስቴር የሥራ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይፈጃል፤ የድንጋይ እርከን ደግሞ 250። አካፍለሽ ስታዪው ለአንድ ሰው በቀን ሰባት ሜትር የማይሞላ አፈር ወይም አራት ሜትር ድንጋይ ማለት ነው። ሰባት ሜትር ስትሰሚው ትንሽ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጀርባሽ ላይ ወጥታ ገና አራተኛው ሜትር ላይ ስትሆኚ እንደገና እናወራለን።

ጉልበቱን ካለፍሽው የሥራው ጣዕም ያለው ቅየሳው ላይ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ አሥር ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። መሣሪያው ይኸው ነው። ሁለት ሰው እንጨቶቹን ያቆማል፤ ሦስተኛው ውሃ ልኩን ያነባል። አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም የእንጨቶቹ እግር እኩል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ችካል ይመታል፤ ወደፊት ትቀጥያለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት እንጨት ያዢ። በሁለተኛው ውሃ ልኩን እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ካልሰጡሽ ደግመሽ ጠይቂ። ሴቶችን ድንጋይ አቀባይ አድርጎ ማስቀረት የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ አንድ ወቅት ሙሉ ድንጋይ ሳቀብል ነው የከረምኩት።

ውሃ ልክ ማንበብ ግን ብቻውን አያድንም፤ በራሴ ጥፋት ነው ያወቅሁት። በወሎ ደረቅ አካባቢ እርከን የሚቀየሰው ደልዳላ ሆኖ ነው። ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ የወረደው ሁሉ እዚያው ቆሞ እንዲሰርግ ይፈለጋል። ከዓመታት በኋላ ወደ ጅማ ተመልሼ ዴዶ በኩል ባለ አንድ ተዳፋት ላይ ቀያሽ ሆኜ ተመደብኩ፤ ያንኑ ደልዳላ እርከን ቀየስኩ። አረፋዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። እንዴት እንደኮራሁ! የጅማ ዝናብ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሐምሌ ላይ ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አንድ ሌሊት የላይኛውን ጣሰው። ከላይኛው የተለቀቀው ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው የተለቀቀው ሦስተኛውን ይዞ ወረደ። ጠዋት ስንደርስ የአንድ ሽማግሌ በቆሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ መሐሉ ላይ ሰው ቢቆምበት እስከ ወገቡ የሚውጥ ቦይ ተቀድዷል።

ሽማግሌው አልጮኹብኝም። ሲባጎዬን አንስተው አገላብጠው አዩትና በኦሮምኛ «የመጣሽበት አገር ዝናብ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከን በትንሹ ማዘንበል አለበት፤ በመቶ ሜትር ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር። በአሥር ሜትር ሲባጎ ስታስቢው ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። የሚያዘነብለውም ሣር ወደ ለበሰ የውሃ መውረጃ ነው። መውረጃው ሣር እንዲይዝ ደግሞ ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል። ወሎ ላይ ውሃን ታስቀሪዋለሽ፤ ጅማ ላይ ትሸኚዋለሽ። ስለዚህ ሊቀጥሩሽ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ «ውሃው የሚወርድበት የት ነው? ሥራውስ ከተፋሰሱ አናት ይጀምራል ወይስ ከመንገድ ዳር?» ከመንገድ ዳር የሚጀምር ሰው የሚሠራው በመኪና ለሚያልፍ ጎብኚ ነው። ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ሥራም ከላይ ይጀመራል።

ግልገል ጊቤ ማለትሽ ደስ ብሎኛል። በሐምሌ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዢ አሰንዳቦ አካባቢ ከድልድዩ ላይ ወደ ታች ተመልከቺ፤ የሚወርደው የሸክላ ቀለም ያለው ውሃ ነው። ያ ቀይ አፈር የናዳ፣ የቀርሳ፣ የጥሮ አፈታ ማሳ ነበር፤ ግድቡ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከዚያ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ይመነጫል። ያው ውሃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለት በሚባለው ማመንጫ ላይ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። አንዱን ውሃ ደጋግመን ነው የምንጠቀምበት። ሐይቁ በደለል በሞላ ቁጥር ሁለቱም ይጎዳሉ። ቤታችሁ መብራት ሲጠፋ እናትሽ የሚያማርሩት እዚያ ተዳፋት ላይ ስላለው አፈር ጭምር ነው፤ ይህንንም ንገሪያቸው።

ስለ ክፍያ። በቀን ነው ወይስ በሜትር? በሜትር ከሆነ የሚለካው ማን ነው? ድንጋያማ ቦታ የደረሰበት ሰው ልኩ ይቀነስለታል? አንድ ጊዜ፣ የትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ ይቅር፣ 26 ቀን ሠርተን 22 ቀን ተብሎ ተከፈለን። የመቆጣጠሪያ ወረቀቱን ዝናብ መታው አሉን። ከሠላሳችን መካከል በየቀኑ በደብተሯ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች። ቀኑን፣ የቆፈረችውን ሜትር፣ ከጎኗ የነበረውን ሰው ስም ሳይቀር ጽፋዋለች። አራቱ ቀን ለሠላሳችንም ተመለሰ። አንቺ ሒሳብ ተምረሻል፤ ያቺ ልጅ አንቺ ሁኚ። ከዚህም በላይ በየቡድኑ የደመወዝ መዝገብ በሥርዓት የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን «እኔ ልያዘው» አትበዪ፤ ከቁፋሮ ያመለጥሽ ይመስልብሻል። በወሩ መጨረሻ፣ እጅሽ ከጠነከረ በኋላ ተናገሪ።

ሕጉንም እወቂው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥሽ ይገባል። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም። ሲያበቃም የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ክፍያሽን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ምንም ክፍያ ይሰጥሻል። ስትቀበዪ ሜትሩንም እንዲጽፉልሽ ለምኚ።

ማደሪያውን ሳታዪ ወይም ያየ ሰው ሳትጠይቂ አትሂጂ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሽንት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሴቶች አላችሁ? ጓደኛሽ መኖሯ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ክፍል ያዙ። የሐይቁ አካባቢ ወባ አለበት፤ አጎበር ይሰጣሉ ቢሉሽም የራስሽን ያዢ። የወር አበባ መጠበቂያሽን ለሦስቱም ወር ከጅማ ገዝተሽ ሂጂ። ጫማ ደግሞ ዋናው ነው፤ የተሸፈነ፣ ተረከዙን የሚይዝ። በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ እንዳትቆፍሪ፤ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው እግሩ እንደሚያብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጓንት፣ ባርኔጣ፣ በሶ። ሌላው ትርፍ ነው፤ የፊት ክሬሙንም ቢሆን።

በጥርና በየካቲት ገበሬው በነጻ ጉልበቱ የሚወጣበት የተፋሰስ ዘመቻ እዚያው ጎናችሁ ይኖራል። አንቺ ተከፋይ ነሽ፤ እርሱ ግን ቡናውን ለቅሞ፣ እህሉን ከትቶ፣ ማረፍ በሚገባው ወር በነጻ ነው የወጣው። ዘግይታችሁ ደርሳችሁ ዛፍ ሥር ብትቀመጡ ምንም አይላችሁም፤ ያያል ግን። ኦሮምኛሽ የገበያ ብቻ ከሆነም አትፈሪ፤ ሰላምታውን አሟልተሽ ጀምሪ። «ቢሻን» ውሃ መሆኑን አውቀሽ የጎርፉን መንገድ በጣትሽ ካሳየሽ ቀሪውን እነርሱ ይነግሩሻል። ክረምት ላይ ውሃው የት እንደሚሄድ ከማንም ካርታ በላይ እረኛ ያውቃል።

ምን ይተርፈኛል ላልሽው፣ ቋሚ ሥራ ይገኝበታል ብዬ አልዋሽሽም። ከማውቃቸው መካከል በስድስተኛው ቀን ጠፍተው የሄዱ አሉ፤ እንደ እኔ ዕድሜ ልካቸውን የቀሩም አሉ፤ የሚበዙት ግን ወቅቱን ጨርሰው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። የምትሄጂው የቢሮውን በር ለመርሳት አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ማመልከቻሽንም ከዚያው ሆነሽ ላኪው፤ «ሁለት ወር ለሥራ ቡድን የደመወዝ መዝገብ ይዣለሁ» የሚል መስመር ጨምሪበት፤ ከያዝሽው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከአጋሮ ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው ክረምት በበጎ ፈቃድ ወጥተን ሁለት ሳምንት ችግኝ ተከልን። ጥር ላይ ሄጄ ሳየው አብዛኛው ደርቋል። ዘንድሮም ኑ እያሉን ነው። የተታለልኩ መሰለኝ። ልድገመው?

መልስ፦ ከመወሰንህ በፊት ዶማ ይዘህ ሂድና ከሞቱት መካከል አሥሩን ቆፍረህ አውጣ። ቀልዴን አይደለም። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ታገኛለህ፤ ሥሩ እዚያው ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ሞቷል። ሥሩ ወደ ላይ ታጥፎ የተቀበረ ታገኛለህ፤ ይህ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው። ጫፉ የተቀነጠሰ ካለ ፍየል ነው። ሥሩ ተበልቶ ዱቄት የመሰለ ካለ ምስጥ ነው። በዙሪያው አፈሩ ያልተጠቀጠቀ ከሆነ ነፋስና አየር ገብቶ አድርቆታል። ምንም እንከን የሌለበት ሆኖ ከደረቀ ደግሞ ጉድጓዱን አስብ፤ በተተከለበት ቀን የተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ ነበር ወይስ ዝናቡ ሳይገባ የተዘጋጀ አርባ በአርባ ሳንቲ ሜትር? ከዚያ የአሥሩን ቆጠራ ይዘህ አስተባባሪዎቹን አናግራቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በአገር ተነግሯል። እኔ የምፈልገው የመስከረሙን ቀን ነው፤ የአረሙን፣ የኩትኳቶውን፣ የአጥሩን ቀን። ለዚያ ቀን ማንም ነጭ ካናቴራ አሳትሞ አያውቅም። ዘንድሮ ለሐምሌ ሲጠሩህ «ለመስከረምና ለጥቅምትም ስሜን ጻፉ» በላቸው። አንጻፍም ካሉህ አምስት የዋንዛ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ለምነህ ጓሮህ ትከል፤ ክረምቱ አልባከነም።

ጥያቄ፦ ልጄ በአካባቢ ጥበቃ ቡድን ሦስት ወር ሠርቶ ወደ ሰቃ ተመልሷል። ከተመለሰ ወዲህ «ምንጩ ዳር ያለውን ባህር ዛፍ ቁረጥ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ለቤት ክዳንና ለልጆቹ ደብተር ያበቃኝ እኮ ያ ባህር ዛፍ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ለምንጩ ስል ግን ለልጁ እፈርዳለሁ። ባህር ዛፍ በፍጥነት ሲያድግ ውሃ በብዛት ይስባል፤ ምንጭ ዳር ቦታው አይደለም። ሁሉንም ግን አይቁረጡ። ከምንጩ በላይ ያሉትን መስመሮች ያንሱና በምትኩ ዶቅማ ይትከሉ፤ ውሃ ዳር ይወዳል። ከማሳና ከውሃ ርቆ ገላጣው ላይ ያለው ባህር ዛፍ ይቆይልዎት፤ የደብተሩ ገንዘብ እርሱ ነው። የተቆረጠውም ገና ያቆጠቁጣል፤ የጉቶውን ቅርፊት እስከ ሥሩ ልጣችሁ ካላነሳችሁት ለከርሞ በአንዱ ፋንታ አምስት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ይህንን ልጅዎ ካልነገርዎ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም፤ ለሚቀጥለው ወቅት ያስመዝግቡት።